ስለ ተበላሸ ሐርድ ዲስክና ስለ ጠፋ መዝገብ

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



በዛሬው ዕለት ላቀርብላችሁ ያሰብሁት ነገር ርእሱ ብቻ ሲታይ የኮምፒውተር ጠጋኞች ጉዳይ ይመስላል። ነገር ግን ቀረብ ብለን ስንመረምረው፥ በየመሥሪያ ቤቱ ተቀምጠን የሕዝብን ጉዳይ የምናስፈጽም ሁላችንን በቀጥታ የሚመለከት ሆኖ እናገኘዋለን። ይኸውም ሐርድ ዲስክ በተበላሸ ጊዜ በውስጡ የነበሩትን ጽሑፎችና መዝገቦች እንዴት ለማዳን እንደሚቻል የሚያስረዳ ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አስቀድሜ አንድ ምሳሌ ላቅርብ። በሐሳባችን ወደ ደቡብ ምዕራብ፥ ወደ ሚዛን ተፈሪና ወደ ቴፒ እንሂድ። ሚዛን ተፈሪ ዛሬ ከአማን ጋር ተዋሕዳ ሚዛን አማን ትባላለች። አገሩ ዝናሙ ብዙ፥ ጫካው ጥቅጥቅ ያለ፥ አየሩ እርጥበት የማይለየው ነው። የበበቃና የቴፒ ታላላቅ የቡና እርሻዎች የሚገኙት በዚሁ ምድር ነው። ከትልልቁ እርሻ ሌላ በጓሮውና በደኑ ጥላ ሥር ባለችው ጥቂት እግር ቡና ቤተ ሰቡን የሚያስተዳድረው ገበሬ እጅግ ብዙ ነው።

እንግዲህ ጊዜው የቡና ለቀማ ወራት ነው እንበል። ገበሬው ቀይ እሸት ቡናውን በቅርጫትና በማዳበሪያ ተሸክሞ ወደ ኅብረት ሥራ ማኅበሩ መረከቢያ ይመጣል። ቡናው ይመዘናል፤ ስሙ፥ ያስረከበው ኪሎ፥ የተከፈለውም ገንዘብ ይጻፋል። ቡናው ተሽጦ ትርፍ በተገኘ ጊዜ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ክፍፍል የሚታወቀው ከዚሁ መዝገብ ነው። መዝገቡም በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ተቀምጧል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ይጠቁራል፤ መብረቅ ይወርዳል፤ መብራት ይጠፋል፤ ተመልሶም ይመጣል። መዝገብ ያዡ ኮምፒውተሩን ቢያበራው ዲስኩ አልተገኘም የሚል ቃል ያሳየዋል። ጆሮውን ቢያስጠጋ ከውስጥ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል።

በዚህን ጊዜ ክፍሉ በመካሪ ይሞላል። አንዱ፥ «ደጋግመህ አጥፍተህ አብራው» ይላል። ሁለተኛው፥ «በመዳፍህ መታ መታ አድርገው» ይላል። ሦስተኛው፥ «ብሎኑን ፈትተን ውስጡን እንየው» ይላል። አራተኛው ደግሞ የሁሉንም ምክር ንቆ፥ «ፎርማት ይደረግና እንገላገል» ይላል። ሁሉም ቅን አሳቢዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ከአራቱ ምክሮች አንዱ እንኳ መዝገቡን አያድንም፤ አራቱም ጨርሶ ሊያጠፉት ይችላሉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለው የአባቶቻችን ተረት ለዚህ ሰዓት የተነገረ ይመስላል። ልዩነቱ ግን ቡና ቢፈስ ይለቀማል፤ በችኮላ የተደመሰሰ መዝገብ ግን የማይለቀም መሆኑ ነው።

የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር በአጭሩ ይህ ነው። ጠፋ የተባለ መዝገብ አብዛኛውን ጊዜ ገና አልጠፋም፤ ለዘለዓለም የሚያጠፋው ከብልሽቱ በኋላ የምንሠራው ሥራ ነው። ይህንን ለመረዳት ሐርድ ዲስክ ምን ዓይነት ዕቃ እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያውን ሐርድ ዲስክ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1956 ዓ.ም. ሠርቶ ያወጣው አይ.ቢ.ኤም. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነበር። ክብደቱ ወደ አንድ ቶን የሚጠጋ ሲሆን፥ 50 ሰፋፊ ሳሕኖች ተደራርበውበት በጠቅላላው 5 ሚሊዮን ያህል ፊደላት ብቻ ይይዝ ነበር። ዛሬ በመዳፍ የሚያዘው ሐርድ ዲስክ ከዚያ በብዙ መቶ ሺህ እጥፍ የሚበልጥ ቢይዝም፥ የአሠራሩ መሠረት ያው ነው። በውስጡ እንደ መስተዋት የጠሩ፥ ማግኔትነት ባለው ስስ ነገር የተቀቡ ሳሕኖች አሉ፤ እነርሱም አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ይዞራሉ። ከሳሕኖቹ በላይ ደግሞ በክንድ የተያዘች ትንሽ አንባቢ ራስ ትመላለሳለች። ይህች ራስ ሳሕኑን አትነካም፤ ሳሕኑ ሲዞር በሚፈጥረው ስስ አየር ላይ ትንሳፈፋለች። በራሷና በሳሕኑ መካከል ያለው ክፍተት ከአንዲት የሰው ጠጉር ውፍረት ከሺህ እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም።

እንግዲህ ልብ በሉ። በዓይን የማትታይ የአቧራ ቅንጣት እንኳ በዚያ ክፍተት ፊት እንደ ቋጥኝ ናት። ሐርድ ዲስክን በቢሮ ጠረጴዛ ላይ መክፈት የማይገባው ስለዚህ ነው። የሚከፈተው አየሩ ተጣርቶ ከአቧራ ነፃ በተደረገ ልዩ ክፍል ውስጥ፥ ሙያው ባለው ሰው እጅ ብቻ ነው። ራሷ ተሰብራ ሳሕኑን የምትፍቅ በሆነችም ጊዜ፥ ደጋግሞ ማብራት ማለት ጽሑፉን በየማብሪያው መፋቅ ማለት ነው። ያ ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ ብዙ ጊዜ የዚህ ምልክት ስለ ሆነ፥ የሰማ ሰው ወዲያውኑ አጥፍቶ እጁን መሰብሰብ አለበት።

ብልሽቱ ግን ሁልጊዜ እንዲህ የከፋ አይደለም። በጠቅላላው ሁለት ዓይነት ብልሽት አለ። አንደኛው የአካሉ ብልሽት ነው፤ ራሷ፥ ሞተሩ ወይም የኤሌክትሪክ ሰሌዳው ሲጎዳ ማለት ነው። ሁለተኛው አካሉ ደህና ሆኖ ሥርዓቱ ሲዛባ ነው፤ ፋይል በስሕተት ሲሰረዝ፥ ዲስኩ በስሕተት ፎርማት ሲደረግ፥ ወይም በድንገት በጠፋ መብራት ምክንያት የውስጥ ማውጫው ሲበላሽ ማለት ነው።

ይህንን ሁለተኛውን የመዝገብ ቤት ሥራ ለምታውቁ ሰዎች ማስረዳት ቀላል ነው። በመዝገብ ቤት ፋይሎቹ በመደርደሪያ ላይ ይቀመጣሉ፤ የትኛው ፋይል በየትኛው መደርደሪያ እንዳለ የሚነግረን ግን አንድ የማውጫ መዝገብ ነው። ሐርድ ዲስክም እንዲሁ ነው። አንድ ጽሑፍ ሲሰረዝ ኮምፒውተሩ ወደ መደርደሪያው ሄዶ ወረቀቱን አያቃጥልም፤ በማውጫው ላይ ያለውን ስም ሰርዞ፥ ይህ ቦታ ባዶ ነው፥ ሌላ ቢቀመጥበት ይቻላል ብሎ ምልክት ያደርጋል እንጂ። ስለዚህ በዚያ ቦታ ላይ ሌላ ነገር እስካልተጻፈበት ድረስ ጽሑፉ እንዳለ ነው። ፈጣን የሚባለውም ፎርማት የሚያጠፋው ማውጫውን ነው። ሙሉ የሚባለው ፎርማት ግን፥ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2007 ዓ.ም. ለሕዝብ ከቀረበው ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ፥ በመላው ዲስክ ላይ ዜሮ እየጻፈ የሚያልፍ ስለ ሆነ ከዚያ በኋላ የሚገኝ ነገር የለም።

ከዚህ የተነሣ ሦስት ሕጎች ይወጣሉ።

የመጀመሪያው ሕግ ማቆም ነው። ፋይል ተሰርዞ ከሆነ በዚያ ኮምፒውተር ሥራ አትቀጥሉ፤ ምክንያቱም ኮምፒውተር ዝም ብሎ ተከፍቶ በተቀመጠበት ሰዓት እንኳ በዲስኩ ላይ ይጽፋል። የማዳኛውንም ሶፍትዌር በዚያው ዲስክ ላይ አትጫኑ፤ እንዲህ ማድረግ የጠፋውን ዕቃ በምንፈልግበት ክፍል ውስጥ አዲስ ዕቃ እንደ መከመር ነው። ዊንዶውስ «ዲስኩ ከመከፈቱ በፊት ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ቢጠይቃችሁ መልሳችሁ አይሆንም ነው። ዲስኩን ይጠግናል ተብሎ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣውንም መርማሪ በዚህ ሰዓት አታስነሡ። እርሱ የሚጠግነው ማውጫውን ነው፤ ማውጫውን ለማስተካከል ሲል ፋይሎቻችሁን ሊቆራርጣቸው ይችላል።

ሁለተኛው ሕግ ከመፈለግ በፊት መቅዳት ነው። ይህንን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ባለሙያንና ሞካሪን የሚለየው ግን ይህ ነው። ሊሞት የተቃረበ ዲስክ ላይ ፋይል መፈለግ ያለችውን ጥቂት ዕድሜ ማባከን ነው። ባለሙያው አስቀድሞ ከታመመው ዲስክ ላይ ያለውን ሁሉ፥ ባዶ የሚመስለውንም ጭምር፥ ወደ ሌላ ጤናማና የበለጠ ሰፊ ዲስክ እንዳለ ይገለብጣል። ከዚያ በኋላ ፍለጋው የሚደረገው በቅጂው ላይ ነው። ቅጂው በስሕተት ቢበላሽ የመጀመሪያው አለ።

ለዚህ ሥራ ከሚያገለግሉት መሣሪያዎች አንዱ ዲዲሬስኪው ይባላል፤ በሊኑክስ ላይ የሚሠራ፥ ዋጋ የማይከፈልበት ሶፍትዌር ነው። አሠራሩ የብልህ ቡና ለቃሚን ይመስላል። ብልህ ለቃሚ በመጀመሪያ በቀላሉ የሚደረስበትን የበሰለውን ፍሬ ለቅሞ ያገባል፤ አስቸጋሪውን ቅርንጫፍ ለኋላ ይተወዋል። ይህም ሶፍትዌር ጤናማውን ክፍል በፍጥነት ገልብጦ፥ የተጎዳውን እየዘለለ ያልፋል፤ ኋላም ወደ ተጎዳው ተመልሶ በትንንሹ እየቆራረጠ ይሞክራል። የቀዳውንና ያልቀዳውን በካርታ ላይ ይመዘግባል። ስለዚህ መብራት በመካከሉ ቢጠፋ ካቆመበት ይቀጥላል፤ ይህም መብራት አንድ ቀን ሙሉ ሳይቆራረጥ የማይውልበት አገር ለሚሠራ ሰው ምን ያህል ጥቅም እንዳለው መናገር አያስፈልገኝም። ነገር ግን አንድ ብርቱ ጥንቃቄ አለ። ምንጩንና መድረሻውን አቀያይሮ የጻፈ ሰው ባዶውን ዲስክ በሕይወት ባለው መዝገብ ላይ ይገለብጠዋል። ስለዚህ ትእዛዙን ከመስጠት በፊት ሁለት ጊዜ፥ የሚቻል ከሆነም ሌላ ሰው አቁሞ፥ ማንበብ ይገባል።

ቅጂው ከተገኘ በኋላ ፍለጋው ይጀመራል። ቴስትዲስክ የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር የጠፋውን የዲስክ ክፍፍል ይመልሳል፤ የተሰረዙ ፋይሎችንም ያወጣል። ማውጫው ጨርሶ የጠፋ እንደ ሆነ ደግሞ ወንድሙ ፎቶሬክ እያንዳንዱን ፋይል በአጀማመሩ ምልክት እየለየ ይሰበስባል። ለምሳሌ የኤክሴል መዝገብ አጀማመሩ ከፎቶግራፍ አጀማመር ይለያል። ይሁን እንጂ በዚህ መንገድ የተገኘ ፋይል የቀድሞ ስሙን ይዞ አይመጣም። ሽፋናቸው ተቀዶ መሬት ላይ እንደ ተከመሩ ፋይሎች ስለሚሆን፥ አንድ በአንድ ከፍቶ የማንነቱን መለየት ትዕግሥትን ይጠይቃል። የተገኘውም ሁሉ በሌላ ዲስክ ላይ እንጂ በታመመው ላይ አይቀመጥም።

ሦስተኛው ሕግ፥ አካሉ የተጎዳውን ለባለሙያ መተው ነው። ዲስኩ የሚንቀጫቀጭ፥ የማይዞር፥ የወደቀ ወይም ውሃ የገባበት ከሆነ በሶፍትዌር የሚደረግ ነገር የለም። በእርጥብ አገር የምትሠሩ ሁሉ ይህንን ልብ በሉ፤ ጣሪያ አፍስሶ የራሰ ዲስክን ይደርቅልኝ ብሎ በእሳት ዳር ማስቀመጥም ሆነ አብርቶ መሞከር ጉዳቱን ያብሳል። በማቀዝቀዣ ውስጥ ቢያድር ይነሣል የሚባለውም ወሬ አይረባም፤ ቀዝቅዞ የወጣ ዕቃ ሞቃት አየር ሲነካው ላብ እንደሚያወጣ ሁሉ፥ ዲስኩም በውስጡ ጤዛ ይቋጥራል።

ባለሙያ ደርሶበት የዳነ መዝገብ ምን ያህል ሊደንቅ እንደሚችል አንድ እውነተኛ ታሪክ ልንገራችሁ። ጥር 24 ቀን 1995 ዓ.ም. ኮሎምቢያ የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ወደ ምድር ስትመለስ በሰማይ ላይ ተበታትና ሰባቱ ጠፈርተኞች አለቁ። ከፍርስራሹ መካከል በቴክሳስ ውስጥ በደረቀ ሐይቅ ወለል ላይ የተገኘ፥ የተቃጠለና ቅርጹ የጠፋ አንድ ሐርድ ዲስክ ነበረ። ዜኖን ስለሚባለው ጋዝ የተደረገ ምርምር ውጤት ያለው በእርሱ ውስጥ ነበር። ባለሙያዎች ሳሕኖቹን አውጥተው፥ አጽድተው፥ በሌላ አካል ውስጥ ቢያስገቧቸው ከጽሑፉ 99 በመቶ የሚሆነው ተገኘ። ምርምሩም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ። ከሰማይ የወደቀ ዲስክ እንዲህ ከዳነ፥ በቴፒ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ያለው ያለ ተስፋ የሚጣልበት ምክንያት የለም። ነገር ግን ያ ዲስክ የዳነው በባለሙያ እጅ መሆኑን አንርሳ።

አሁን ደግሞ ስለ ሌሎች ማስቀመጫዎች ጥቂት ልበል። በዛሬዎቹ ላፕቶፖች ውስጥ የሚገኘው ኤስ.ኤስ.ዲ. የሚባለው ዲስክ የሚዞር ሳሕን የለውም፤ ፈጣን ነው፤ ቢወድቅም ቶሎ አይጎዳም። ነገር ግን አንድ ጠባይ አለው። ፋይል ሲሰረዝበት ቦታውን ለአዲስ ጽሑፍ ለማዘጋጀት ብዙውን ጊዜ ወዲያውኑ ራሱ ይጠርጋል። ስለዚህ ቀደም ብዬ ስለ ማውጫውና ስለ መደርደሪያው የነገርኋችሁ ተስፋ በእርሱ ላይ እጅግ ጠባብ ነው። በቁልፍ የተመሰጠረ ዲስክም እንዲሁ ነው፤ የመክፈቻ ቁልፉ በወረቀት ተጽፎ በካዝና ያልተቀመጠ እንደ ሆነ፥ ዲስኩ ቢድንም ጽሑፉ አይነበብም።

በየመሥሪያ ቤቱ ከኪስ ወደ ኪስ የሚዞረው ፍላሽ ደግሞ የራሱ ሕመም አለው። ፋይሎቹ በሙሉ ወደ አቋራጭ ምልክትነት ተለውጠው ሲታዩ ብዙ ሰው ደንግጦ ፎርማት ያደርጋል። ይህ ግን ብዙ ጊዜ የቫይረስ ተንኮል ነው፤ ፋይሎቹን ደበቃቸው እንጂ አላጠፋቸውም። ቫይረሱን አጽድቶ፥ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አዝዞ ማየት ይበቃል። በድንጋጤ ፎርማት ያደረገ ሰው ቫይረሱ ያልሠራውን ጥፋት በገዛ እጁ ይሠራል።

ዲስኩ ሊድን ባይችልስ? ያን ጊዜም ቢሆን ተስፋ ከመቍረጥ በፊት መዝገቡ የተጓዘበትን መንገድ መከተል ይገባል። ባለፈው ወር ለበላይ መሥሪያ ቤት የተላከ ሪፖርት በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ውስጥ ይገኝ ይሆናል። የታተመው ቅጂ በሌላ ሰው ፋይል ውስጥ ይኖራል። ገበሬው ቡናውን ሲያስረክብ የተሰጠውን ደረሰኝ በሳጥኑ ውስጥ ይዞታል። እነዚህን ሰብስቦ መዝገቡን እንደ አዲስ ማቆም ከባድ ቢሆንም የሚቻል ሥራ ነው።

ስለ ምስጢርም አንድ ቃል ልጨምር። የሕዝብ መዝገብ ያለበትን ዲስክ ለጠጋኝ አሳልፎ መስጠት፥ የብዙ ሰዎችን ስም፥ ስልክና የገንዘብ ሒሳብ አሳልፎ መስጠት ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ ጉዳይ የጨዋነት ብቻ ሳይሆን የሕግም ጉዳይ ሆኗል። ስለዚህ ዲስኩ ከቢሮ ሲወጣ የመለያ ቍጥሩ ተጽፎ፥ በርክክብ ተፈርሞ፥ ምን እንዲሠራበት እንደ ተፈቀደ ተገልጾ መሆን አለበት። የተተካውም አሮጌ ዲስክ በሜዳ አይጣልም፤ ከላይ እንዳየነው በውስጡ ያለው ጽሑፍ ስላልጠፋ፥ ላገኘው ሰው ሁሉ ይናገራል።

የተከበራችሁ ወገኖች፤ እስከ አሁን የተናገርሁት ሁሉ ከአደጋው በኋላ የሚደረግ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን፥ ከአደጋው በፊት የሚደረገውን ደግሞ እንመልከት።

ለዚህ ትምህርት ወደ ባዕድ አገር መሄድ አያስፈልገንም፤ የራሳችን ታሪክ ይበቃናል። መጽሐፈ ሄኖክ በሌላው ዓለም ከቁርጥራጭ በቀር ጠፍቶ በነበረበት ዘመን፥ ሙሉው መጽሐፍ የተገኘው በግዕዝ በኢትዮጵያ ነው። ጄምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ቅጂዎቹን ይዞ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1773 ዓ.ም. ወደ አውሮፓ ሲመለስ ሊቃውንቱ የጠፋባቸውን አገኙ። መጽሐፉ ከዘመን ወደ ዘመን የተሻገረው አንዱ ብራና ስለማይጠፋ አልነበረም። ብራናም ይቃጠላል፤ ብራናንም አይጥ ይበላዋል። የተሻገረው ቁም ጸሐፊዎቻችን ሳይሰለቹ ከአንዱ ወደ ሌላው እየገለበጡ፥ በልዩ ልዩ ገዳማት ስላስቀመጡት ነው። በኋላም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1973 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንና በአሜሪካ ሚኔሶታ ባለው በሴንት ጆንስ ዩኒቨርሲቲ ትብብር፥ የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም ማንሣት ተጀመረ። በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍት ተነሥተው አንዱ ቅጂ በአገር ውስጥ፥ አንዱ ቅጂ በባሕር ማዶ ተቀመጠ። የብራናው ባለቤት አደጋ ቢደርስበት ንባቡ በሌላ ስፍራ ይቆያል ማለት ነው።

የዛሬዎቹ የኮምፒውተር ባለሙያዎች የሚሰጡት ምክር ከዚህ የተለየ አይደለም። ቅጂው ሦስት ይሁን፤ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ ላይ ይሁን፤ ከሦስቱም አንዱ በሌላ ስፍራ ይቀመጥ ይላሉ። የሚዛን መሥሪያ ቤት አንዱን በሚሠራበት ኮምፒውተር፥ ሁለተኛውን ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ በካዝና በሚቆለፍ ዲስክ፥ ሦስተኛውን በቦንጋ ወይም በቴፒ ባለ የሥራ አጋር መሥሪያ ቤት፥ ወይም መሥሪያ ቤቱ በፈቀደው የመረጃ ማእከል ሊያስቀምጥ ይችላል። በአንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ሦስት ቅጂዎች በአንድ መብረቅ፥ በአንድ እሳት ወይም በአንድ ሌባ ስለሚጠፉ እንደ አንድ ይቈጠራሉ። ደግሞም ያልተሞከረ ቅጂ እንደ ቅጂ አይቈጠርም። በየሦስት ወሩ አንድ ፋይል ከቅጂው አውጥቶ መክፈት፥ እንደሚነበብም ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ለእርጥቡና ለመብረቃሙ አገር ሌላም ጥንቃቄ አለ። መብራት በጠፋ ጊዜ ኮምፒውተሩ በሥርዓት እስኪዘጋ ድረስ የሚያቆይ ዩ.ፒ.ኤስ. የሚባለው ባትሪ ያለው ዕቃ፥ ዋጋው በአንድ ወቅት የቡና መዝገብ ሲመዘን ኢምንት ነው። ነጎድጓድ በተቃረበ ጊዜ ገመዱን ከሶኬት መንቀል ምንም አያስወጣም። ኮምፒውተሩም ከወለሉ ከፍ ብሎ፥ ከሚያንጠባጥብ ጣሪያና ከመስኮት ርቆ ይቀመጥ።

ይህንን ሁሉ ለማን ነው የምናደርገው? የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ መሠረት በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ተመሥርቷል። አዲስ ክልል ሲቆም ሠራተኛ ይዛወራል፤ ሥራ ይከፋፈላል፤ ሰነድም ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት ይጓዛል። ሰውና ወንበር በተለዋወጠ ቍጥር ጉዳዩን የሚያስታውሰው መዝገቡ ብቻ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚባለው እውነት የሚሆነው ጽሑፉ የተጠበቀ እንደ ሆነ ነው። መዝገቡ በጠረጴዛችን ላይ ይገኛል እንጂ የእኛ ንብረት አይደለም። በውስጡ ያለው ገበሬው ከጫካ ተሸክሞ ያመጣው ኪሎ፥ የመሬቱ ወሰን፥ የልጁ የልደት ቀን፥ የጡረተኛው የአገልግሎት ዘመን ነው። ዲስኩ ሲሰበር መሥሪያ ቤቱ የሚያጣው አንድ ዕቃ ነው፤ ባለ ጉዳዩ ግን ማስረጃውን ያጣል። ማስረጃ የሌለው ሰው ደግሞ በእውነቱ ላይ ቆሞ እያለ ሐሰተኛ ሊባል ይችላል።

እንግዲህ በምሳሌያችን ወዳለው መዝገብ ያዥ እንመለስ። መካሪዎቹ ሁሉ ሲናገሩ ሰምቶ፥ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ፥ ገመዱን ነቅሎ፥ «ማንም እንዳይነካው» ብሎ ጽፎ ቢለጥፍበት፥ ለአለቃውም ወዲያውኑ ሳይሸሽግ ቢያስታውቅ፥ በዚያ ሰዓት ሊሠራ ከሚችለው ሥራ ሁሉ የበለጠውን ሠርቷል። አለቃውም ያስታወቀውን ሠራተኛ በቍጣ ሳይቀበል ባለሙያ እንዲፈለግ ቢያዝ እርሱም ድርሻውን ፈጽሟል፤ ቍጣን የሚፈራ ሠራተኛ ብልሽቱን ደብቆ በራሱ ይሞክራልና። በኋላም መዝገቡ ቢድን፥ የመጀመሪያ ሥራቸው ሁለተኛ ቅጂ ማዘጋጀት ይሁን።

አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይባላል። እስኪ ይህን ንግግር ሰምታችሁ ወይም አንብባችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ነገ ጧት ቢሮ ስትገቡ ራሳችሁን እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፤ ይህ ኮምፒውተር አሁን ባይነሣ የስንት ሰው ጉዳይ ከእርሱ ጋር ይቀራል? ቅጂውስ የት ነው? መልሱ ካሳሰባችሁ ዲስኩ ገና ጤነኛ ነውና ጊዜ አላችሁ።